እርማት፦ በፓሪስ ምግብ ቤቶች አገልግሎት በዋጋው ውስጥ ነው

በፓሪስ ላቲን ሰፈር በበር ላይ በተለጠፈው ዋጋ ላይ ግብርና 15 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ ስለሚደመር ርካሽ የሚመስለው ምግብ ቤት ሁሉ ውድ ነው የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚል ማስታወሻ ለለመደ ሰው ግምቱ አይገርምም፤ ይሁንና ትክክል አይደለም። በፈረንሳይ ሕግ ምግብ ቤቱ በውጭ የሚለጥፈው ዋጋ ግብርንም አገልግሎትንም ያካተተ መሆን አለበት። ለማረጋገጥ ከምግብ ዝርዝሩ ግርጌ «ሰርቪስ ኮምፕሪ» (አገልግሎት ተካቷል) የሚለውን ይፈልጉ፤ በደረሰኙ ላይ «ቴቬአ» (የፈረንሳይ ቫት) ተብሎ የሚታየው 10 ከመቶም (ለአልኮል መጠጥ 20 ነው) ከድምሩ ውስጥ ተለይቶ የተጻፈ እንጂ በላዩ የተጨመረ አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው 18 ዩሮ የተባለውን ምሳ ከ22 በላይ አስልቶ ጥሩውን ቤት ያልፈዋል፤ ከገባም፣ በተለይ ከአሜሪካ የሄደ እንደሆነ፣ ዋጋው ውስጥ ባለው አገልግሎት ላይ ሌላ 20 ከመቶ ጉርሻ ግዴታ መስሎት ይከፍላል።