ጎመኑ ገበታ ላይ አለ፤ በልተነዋል ወይ?

ወገኖቼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁና እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ መልሱ። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የበላችሁት አትክልትና ፍራፍሬ ሁሉ ተሰብስቦ ሳህን ላይ ቢቀመጥ ምን ያህል ይሆናል? «እኛ ጾመኞች ነን፣ ከቤታችን አትክልት አይጠፋም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከቤት አለመጥፋቱን አምናለሁ። የምጠይቀው ወደ አፋችሁ የገባውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ከ6 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ 350፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ 250 ግራም ነው። 400 ግራሙ ለአምስት ሲከፈል አንዱ ድርሻ 80 ግራም ይሆናል። ለዚህ ሚዛን መግዛት አያስፈልግም። አንድ መካከለኛ ሙዝ፣ አንድ ብርቱካን፣ የአቮካዶ ግማሽ፣ አንድ ቲማቲም፣ ወይም ሞልቶ የተጨለፈ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የበሰለ ካሮት እያንዳንዱ አንድ ድርሻ ነው። ከእነዚህ አምስት፣ በየቀኑ፣ ለእያንዳንዱ ሰው። ሁሉም ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት በቀን 2 ኪሎ የተላጠና የተለቀመ አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልገዋል ማለት ነው። እናንተ ቤት ስንት ይገባል?

በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት አምስቱን ድርሻ እንደማያሟሉ አሳይቷል። ሀብታሙም ድሃውም እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ።

እስቲ ገበታችንን እንመልከት። አራት ሰው ከብቦ በሚቀመጥበት ትሪ ላይ ለጎመን የሚደርሰው ቦታ ምን ያህል ነው? አንድ ጭልፋ ዳር ላይ ጣል ይደረጋል። እያንዳንዱ በእንጀራ ቁራሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነካዋል፤ እጁን ሲታጠብ ግን ሁሉም ጎመን በልቻለሁ ብሎ ነው የሚነሣው። ያ ጭልፋ ለአራት ሲካፈል ለአንዱ እንኳ ሙሉ ድርሻ አይደርሰውም። አብሮ መብላት ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ይህን አልነካም። ነገር ግን ማን ምን ያህል እንደበላ ስለማይታይ የሚጎዳውም አይታይም። ልጁ እጁ አጭር ነው፣ ከፊቱ ያለውን ሽሮ ይበላል። እናትየው ሁሉንም አብልታ ስትቀርብ የሚጠብቃት ወጥ የነካው እንጀራ ነው። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ፎሌት የተባለ ቫይታሚን፣ ከጤና ጣቢያ ከሚሰጣት ክኒን በተጨማሪ፣ ለፅንሱ አንጎልና አከርካሪ አፈጣጠር ያስፈልጋታል። ለእርሷ ሳይተርፍ ጎመኑን ጠርጎ የሚነሣ ባል ሊያፍር ይገባዋል።

የማይቆጠረውን እየቆጠርን ራሳችንን አናታልል። ድንች ከአምስቱ ድርሻ አይገባም፤ ቦታው ከእንጀራና ከዳቦ ጋር ነው። ሽሮና ምስር መልካም ምግቦች ናቸው፣ የጎመኑን ቦታ ግን አይሸፍኑም። ስኳር የተጨመረበት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ጠጥቶ ፍራፍሬ ጠገብሁ የሚል ሰው ከፍራፍሬው ይልቅ ስኳሩን ነው የጠገበው። ጭማቂ የቱንም ያህል ቢጠጣ በቀን ከአንድ ድርሻ በላይ አይታሰብም። የወጥ ሽንኩርትስ? እርሱ ይቆጠራል፣ እያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ፍራፍሬን የሕመምተኛ ምግብ ማድረጋችን ነው። ዘመድ ሲተኛ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለን ሆስፒታል እንሮጣለን። ያው ሰው በጤናው ሳለ ቤታችን ሲመጣ ያቀረብንለት ለስላሳ ነበር። ለልጆቻችንም እንዲሁ ነን፤ ትኩሳት ሲይዛቸው ብርቱካን እንልጥላቸዋለን፣ ደህና ሲሆኑ ብስኩት እንሰጣቸዋለን።

ኑሮ ተወድዷል፣ የብርቱካን ዋጋም አልቀመስ ብሏል፤ ይህ እውነት ነው። ለማግኘት አቅም ያጣውን አልወቅስም። የምወቅሰው ለቢራና ለጥሬ ሥጋ ሳያቅማማ ከፍሎ ጎመን ተራ ሲደርስ ኪሱን የሚያጠብቀውን ነው። ብርቱካን ባይገኝ ዱባ አለ፣ ጥቅል ጎመን አለ፣ ቀይ ሥር አለ። የቀይ ሥሩን ቅጠል ለምን እንጥላለን? ከቆስጣ ጋር አንድ ዘር ነው፣ እንደ ቆስጣ ይሠራል። ማንጎ በወቅቱ ሲረክስ፣ ዘይቱንም ሲደርስ በልተን እንለፍ። ጎመኑን ውኃ ውስጥ አገንፍለን ውኃውን ስንደፋ ቫይታሚን ሲው አብሮ ይሄዳል፤ በጥቂት ውኃና ዘይት ይብሰል። ከምሳ በኋላ ወዲያው የምንጠጣው ሻይና ቡና ሰውነታችን ከጤፉና ከምስሩ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል፣ ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብሮ ሲበላ ግን ያግዘዋል። ስለዚህ ቡናው አንድ ሰዓት ይቆይ።

አባወራዎች፣ አስቤዛ ስትሰጡ የአትክልቱን ገንዘብ ለብቻው ቆጥራችሁ ስጡ። እናቶች፣ ትሪው ሳይቀርብ በፊት የልጆቹን አትክልት በየሳህናቸው ለዩላቸው፤ የራሳችሁንም ቀድማችሁ አስቀምጡ፣ ይህን ማድረግ ስስት አይደለም። ምሳ ዕቃ የምትቋጥሩም ከዳቦው ጎን አንድ ሙዝ ወይም የተላጠ ካሮት አትርሱ።