ማስተካከያ፦ ስለ ሃልሽታት የጻፍኩት
ባለፈው ጽሑፌ የኦስትሪያዋ ትንሽ መንደር ሃልሽታት በሳልዝቡርግ ክፍለ ግዛት ውስጥ እንዳለች ተናግሬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ። ያለችው በላይኛው ኦስትሪያ ክፍለ ግዛት ነው። ያሳሳተኝ «ሳልዝካመርጉት» የሚለው የአካባቢው ስም ነው። እሱም እንደ ሳልዝቡርግ በ«ሳልዝ» ይጀምራል፤ «ሳልዝ» በጀርመንኛ ጨው ማለት ነው።

የባሰው ስህተት ግን ሌላ ነው። በመንደሯ አጥንት ቤት፣ ማለትም የሟቾች አጽም በሚቀመጥበት ክፍል፣ የተደረደሩት የራስ ቅሎች በጦርነት የሞቱ ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። አይደሉም። የመንደሯ ነዋሪዎች ናቸው። መንደሯ በተራራና በሐይቅ መሃል ተጣብቃ ስላለች የመቃብር ቦታ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ አጽሙ ይወጣ፣ ይጸዳ፣ እስኪነጣ ድረስም ፀሐይ ላይ ይቆይ ነበር። ከዚያ የራስ ቅሉ ግንባር ላይ የሟቹ ስም ይጻፍ ነበር፤ ዙሪያውን አበባና ቅጠል ይሳልበት ነበር። ከ600 በላይ የሚሆኑት እንዲህ የተሳሉ ናቸው። ይህን የቤተሰብ ፍቅር ከጦርነት ጋር ማያያዜ በጣም ቆጭቶኛል።

በዚያው ጽሑፌ የጠቀስኩት፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1997፣ ትክክል ነው።