ሰልፍ የሚያውቅ ሕዝብ

የአዲስ አበባን ሰው የሚያህል ሰልፈኛ ከወዴት ይገኛል? ለታክሲ ይሰለፋል፣ ለነዳጅ ይሰለፋል፣ ለዘይት ይሰለፋል። ያውም ያለ መፈክር። ድምፅ የሚሰማው አንዱ ጣልቃ ሲገባ ብቻ ነው። አማርኛም አስተዋይ ቋንቋ ነው፤ ወረፋውንም ተቃውሞውንም «ሰልፍ» ብሎ ሰየመና አንደኛውን አስለመደን።

ሰሞኑን ከሜክሲኮ ወደ ቦሌ ስሄድ መንገድ ተዘጋ። እንግዳ ያልፋል ተባለ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ ወርዶ በሩን ተደገፈ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት የሐኪም ወረቀት የያዘ ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው «ቀጠሮዬ አራት ሰዓት ነበር» አሉ። ለማንም አልነበረም፤ ለፌስታሉ ነው የነገሩት። አርባ ደቂቃ ቆምን። አንድ ክላክስ አልተሰማም። ጋቢና ያሉት ጋሼ ዘወር ብለው «እንግዳ ክቡር ነው» አሉን። አሜን አልን።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ከፈቱ። የፈረንሳይ ገበሬዎች ናቸው፤ ጥር 2016 ላይ ወደ ፓሪስ የሚያስገቡትን አውራ ጎዳናዎች በትራክተር የዘጉ ጊዜ የተቀረፀ። ጋሼ ደማቸው ፈላ።

«መቃወም መብት ነው፤ ግን ሠርቶ አዳሪው ምን አደረገ? የታመመ ሰው ቢኖርስ?»

እናት ፌስታላቸውን ጠበቅ አደረጉ።

እንዲህ ያለ ርኅራኄ ይባረክ! የሠርግ ድንኳን የሰፈር መንገድ ሲዘጋ ይህ የታመመ ሰው ትዝ አይለንም። ሙሽራ አጅበን አደባባዩን ሦስቴ ስንዞርም ያው ደህና ነው። የሚታመመው ሰልፍ ሲጠራ ነው።

ሕጉም ጠባያችንን ያውቃል። በ1983 የወጣው የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። ከኤምባሲ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታል፣ ከመቃብር ቦታ 100 ሜትር ራቁ ይላል። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና ኮምፓስ ይዤ ካርታ ላይ ክብ ስሠራ አመሸሁ። እንጦጦ የተረፈኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚያም ማርያምና ራጉኤል አሉ።

ይሉኝታ የሌላቸው ሰዎች ግን ነበሩ። የካቲት 1966 ላይ ነዳጅ ሲወደድ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ። መምህራንም ማስተማር ተዉ። የስንቱ ኑሮ ታወከ፣ ስንቱ በእግሩ ኳተነ! ይባስ ብሎ ጃንሆይ የነዳጁን ዋጋ ቀነሱ። ምናለ እሑድ ከሰዓት፣ ማንም በማያልፍበት ቦታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ቢቃወሙ? እርግጥ ዋጋው ባለበት ይቆይ ነበር። ግን ማንም አይረበሽም።

መንገዱ ተከፈተ። ረዳቱ ዘሎ ገብቶ «ሒሳብ!» አለ። እናት ሰዓት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ወራጅ አለ» አሉ።

ወርደው አስፋልቱን ተሻገሩና ወደ ቤት የሚመልሳቸው ታክሲ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆሙ። ጋሼ በመስኮት አይተዋቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጨዋ ሴት ናቸው።»