«ካርዱ ደረሰኝ» በሉን እንጂ!

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነስቼ፣ ሰልፍ ጠብቄ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ፖስታ ቤት የምደርሰው ለአንዲት 6.4 በ8.9 ሴንቲሜትር ካርድ ነው። ይህ ሠዓሊዎች በእጃቸው የሚሠሩት የሥዕል ካርድ በ1997 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ ሲጀመር ጀምሮ ሕጉ አንድ ነው፤ ይለዋወጡታል እንጂ አይሸጥም። እሺ ብዬ ነው የገባሁት።

ግን እጅ አልለቅ ይላል! ባለፈው የላክኋት ካርድ የእናቴን መሶብ የሣልኩባት ናት። የአለላዋን ቀይ መስመር በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ፣ አራት ማታ ፈጅቼባታለሁ። ሌላ ቅጂ የላትም። ፖስታውን አሽጌ በመስኮቱ ሳቀብል ሆዴ ባባ።

ሁለት ወር ሆነ። የተላከላት ሠዓሊ ድምጿ የለም። በምትኩ ካርድ ላኪልኝ አላልኩም እኮ! አንድ ቃል! ልጁን የዳረ ሰው እንኳ «በሰላም ገባች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬም ቀጣዩን ፖስታ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እግሬ እምቢ ብሎኛል።