ሌቭልህ ስንት ነው?

ሰው ሲሠራ ውሎ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ቤቱ ይገባል። እራቱን ቀማምሶ ላፕቶፑን ይከፍትና ሁለተኛ ሥራውን ይጀምራል፤ ዓሣ ማጥመድ። ባሕሩ የለም፣ ዓሣውም የለም፣ ሥራው ግን የምር ነው። ቀን መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ሁለቴ ጻፍ ሲባል ፊቱን የሚያጨፈግገው ሰው፣ ማታ ያንኑ ክሊክ ሺህ ጊዜ ሲደግም ቅር አይለውም። ሚስቱ "ምን እየሠራህ ነው?" ስትለው "አረፍ ብዬ ነው" ይላታል።

ይህ የሚሆነው ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባል የኦንላይን ጌም ውስጥ ነው። ሩንስኬፕ እንደ ፈረንጆቹ በ2001 እንግሊዝ አገር የተጀመረ ዓለም ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ካምብሪጅ ያለው ጃጌክስ ነው። ተጫዋቹ "የድሮው ይሻለን ነበር" እያለ ሲነዘንዝ ኩባንያው በ2013 የ2007ቱን ቅጂ ከመጋዘን አውጥቶ መለሰለት። "የድሮው ይሻል ነበር" ብሎ የድሮውን በእጁ ያገኘ ሕዝብ በታሪክ ይኸው አንድ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለመሆኑ ከዓሣው ገንዘብ ይገኛል? ይገኛል። እንዴት የሚለው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጀማሪ የሚይዘው ሽሪምፕ ነው። ትንሿ መረብ ፖርት ሳሪም ወደብ ላይ ጄራንት ከሚባለው ነጋዴ በ5 ወርቅ ትሸጣለች (ወርቅ የጌሙ ገንዘብ ነው)፤ ነገር ግን አዲስ ገቢ ሁሉ ከማሠልጠኛው ደሴት ሲወጣ አንድ ይዞ ስለሚወጣ ለመረብ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ድሬይነር የሚባለው መንደር ባንኩ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ስለማይርቅ ጀማሪው እዚያ ይቆማል። ሽሪምፑ የሚያወጣው ዋጋ ግን መንገዱን እንኳ አይክስም። 20ኛ ሌቭል፣ ማለትም 20ኛው የማጥመድ ችሎታ ደረጃ፣ ሲደረስ የላባ ዘንግ በ5 ወርቅ፣ ላባ ደግሞ አንዱን በ2 ወርቅ ገዝቶ ወደ ባርባሪያን መንደር ወንዝ መሄድ ነው። ለእያንዳንዱ ዓሣ አንድ ላባ ይጠፋል። ከ20 እስከ 40 ለመድረስ 600 ያህል ላባ ይበቃል፤ መጀመሪያ ትራውት፣ ከ30 በኋላ ደግሞ ሳልሞንም ይጨመርበታል። 50 ላባ ብቻ ገዝቶ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። እሱ ከማጥመዱ ይልቅ መመላለሱን ነው የተካነው።

40ኛ ሌቭል ላይ ሎብስተር ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ራሱን "ነጋዴ ነኝ" ማለት የሚጀምረው። የሎብስተር ወጥመድ 20 ወርቅ ነው። ከፖርት ሳሪም ወደ ካራምጃ ደሴት ጀልባ 30 ወርቅ፣ መመለሻም 30 ወርቅ። የመሄጃውን ከፍሎ የመመለሻውን የረሳ ሰው ደሴቲቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ሉታስ የሚባል የሙዝ እርሻ ባለቤት አለ፤ 10 ሙዝ ለቅሞ ሣጥን ውስጥ ለከተተለት ሰው 30 ወርቅ ይከፍላል። ልክ የጀልባዋን ዋጋ! ይህን የደመወዝ ስኬል ያወጣው ሰው መሬት ላይ ያለውን የቀን ሠራተኛ ኑሮ ጠንቅቆ ያውቃል። በነፃ ወደ ሉምብሪጅ ከተማ የሚመልስ አስማትም አለ፤ ግን በ30 ደቂቃ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ደግሞም ከደሴቲቱ ርቆ ነው የሚጥለው።

አሁን ሒሳቡን በቅርብ እንየው። ከረጢቱ 28 ቦታ አለው። አንዱን ወጥመዱ ይይዘዋል። አንዱን የጀልባ ወርቅ። ደሴቲቱ ላይ ስታይልስ የሚባል ሰው ቆሟል፤ ሎብስተር፣ ቱናና ሰይፍ ዓሣን ያለ ክፍያ ወደ ባንክ ወረቀት (ገንዘብ ሳይሆን ዓሣውን ወደሚወክል ወረቀት) ይለውጣል፤ ወረቀቱ ስንትም ቢሆን በአንድ ቦታ ይደረደራል። እሱም አንድ ቦታ ወሰደ። የቀረው 25 ነው። ስለዚህ ሰውየው 25 ሎብስተር ይሞላል፣ ወደ ስታይልስ ይሄዳል፣ ይለውጣል፣ ይመለሳል። አንድ ሎብስተር ሌቭል የሚያሳድግ 90 ነጥብ ይሰጣል። የመጨረሻው ሌቭል 99 ደግሞ 13,034,431 ነጥብ ይፈልጋል። በሎብስተር ብቻ ከ40 ተነስቶ 99 መግባት ማለት ከ144 ሺህ በላይ ሎብስተር፣ ከ5,700 በላይ ምልልስ ማለት ነው። ይህን በቀን ሥራው ላይ ቢያውለው የመምሪያ ኃላፊ ይሆን ነበር የሚል አይጠፋም፤ ግን የመምሪያ ኃላፊውም እዚያው ወደብ ላይ ነው ያለው።

የሚበላሸውስ ምኑ ላይ ነው? ዓሣው የሚያዝበት ቦታ አንድ ላይ አይቆምም። በድንገት ይጠፋና ትንሽ ራቅ ብሎ ይወጣል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ካልተነካ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ሻይ ሊያፈላ የሄደው ተጫዋች ሲመለስ ዓሣ አጥማጁን እጁን አጣምሮ ውኃ እያየ ያገኘዋል። ትንሽ ከዘገየ ደግሞ ጌሙ ራሱ አስወጥቶት ይጠብቀዋል። በ2018 መጨረሻ ጌሙ ስልክ ላይ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ወደ መሥሪያ ቤት ዘልቋል፤ ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ ከጠረጴዛው ሥር በአውራ ጣቱ የሚነካካ ሰው ካለ፣ ቃለ ጉባኤ እየያዘ አይደለም።

ለነገሩ ብዙው ሰው እዚያ ወደብ ላይ የሚቆመው ለወርቁ አይደለም፤ ለወሬው ነው። ወሬው ደግሞ ከአንድ ጥያቄ ፈቀቅ አይልም።

"ሰላም ነው፣ ብሮ? ሌቭልህ ስንት ነው?"

"61። አንተስ?"

"92።"

"ኧረ ደርሰሃል በለኛ!"

"ገና ግማሽ ላይ ነኝ።"

ሰውየው አልቀለደም። 92ኛ ሌቭል 6,517,253 ነጥብ ነው፤ የ99 እኩሌታ። ይህን የማያውቅ አዲስ ሰው "ሰባት ብቻ ቀረህ እኮ" ብሎ ሊያጽናና ይሞክራል፤ ሽማግሌዎቹ ይተያያሉ። ከጥጉ የቆመና ማንንም የማያናግር ደግሞ አለ። ሰላም ሲሉት አይመልስም፣ ሲሰድቡት አይሰደብም፣ ስሙ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነው። እሱ ቦት ነው፤ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም። "ሌቭልህ ስንት ነው?" የሚለው ጥያቄ ከሰላምታነቱ ሌላ ሰውን ከቦት መለያ መሆኑ ለዚህ ነው። አሳዛኙ ነገር፣ ደክሞት ዝም ያለውም ሰው ቦት ተብሎ ለአስተዳዳሪ ይከሰሳል።

ከወንዙ ዳር ሌላም ዓይነት ሰው አለ፤ ያጠመደውን መልሶ መሬት ላይ የሚጥል። ባንክ ድረስ መሄዱ ጊዜ ይፈጃል፣ እሱ የሚፈልገው ነጥቡን ብቻ ነው። ሳልሞን በሳልሞን ላይ ሲወረወር ያየ እናት አገሩን የሚያስታውስ ሰው "ኧረ እህል አይጣልም፣ ነውር ነው!" ብሎ ቢጽፍለት አይፈረድበትም።

ወደ ገበያው እንምጣ። ግራንድ ኤክስቼንጅ ይባላል፤ ዓሣውን አስገብቶ ዋጋ መጻፍ ነው፣ ገዢውን ጌሙ ያገናኛል። አጥማጁ ደክሞታልና ቶሎ ይሸጥልኝ ብሎ አምስት በመቶ መቀነሻዋን ይነካል። እዚህ ላይ አንድ የማይታወቅ ቁም ነገር አለ፤ ከዚያ በላይ ሊከፍል ቀድሞ የተመዘገበ ገዢ ካለ የሚደርሰው የገዢው ዋጋ ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አይከስርም። የሚከስረው ገዢው ሁሉ ዝቅ ብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ነው። ያንን ዝቅ ያለ ዋጋ አስመዝግቦ የሚጠብቀው ደግሞ ደላላው ነው። ደላላ እዚህም አለ! አንድ ሎብስተር ይዞ አያውቅም፣ ወጥመድ ምን እንደሚመስል አላየም፤ በርካሽ ይገዛል፣ ጥቂት ጨምሮ ይሸጣል፣ ከአጥማጁ ሁሉ ሀብታም እሱ ነው። ከታኅሣሥ 2021 ወዲህ ገበያው ላይ ግብርም ተጥሏል፤ ከሻጩ 1 በመቶ ይቆረጥ ነበር፣ በኋላ 2 በመቶ ሆኗል። ግብሩ ሲታወጅ የተሰማውን ጩኸት ያነበበ ሰው ወርቁ የእውነት ነው ብሎ ቢሳሳት አይገርምም።

ገዢውስ ዓሣውን ምን ሊያደርገው ነው? ሎብስተር ተጠብሶ ሲበላ 12 የሕይወት ነጥብ ይመልሳል፤ ለጦረኛ ስንቅ ነው። ግን ጥሬው ከተጠበሰው የሚወደድበት ጊዜ አለ። ምክንያቱም ብዙው ገዢ ሊበላው አይደለም፤ ምግብ አብሳይነቱን ሊያሳድግበት ነው። ሎብስተር መጥበስ በ40ኛ ሌቭል ይጀመራል፣ ጨርሶ አለማሳረር የሚቻለው ግን በ74 ነው። በመካከሉ ያለው ሁሉ እያሳረረ ይማራል። አጥማጁ እንቅልፉን አጥቶ ያመጣው ሎብስተር ሌላው ከሰል ሲያደርገው ጌሙ ገበያው ደራ ይላል። ስለዚህ ጠብሼ ልሽጥ የሚል አጥማጅ አስቀድሞ የሁለቱን ዋጋ ያስተያይ፤ ካልሆነ ደክሞ ይቀንሳል።

ይህን ወርቅ ወደ እውነተኛ ገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው፤ የተያዘ አካውንቱን ያጣል። የተፈቀደው መንገድ በተቃራኒው ነው። ቦንድ የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛዋል፣ ሌላው በጌሙ ወርቅ ከእሱ ይገዛና የ14 ቀን አባልነት፣ ማለትም የሚከፈልበትን የጌሙን ክፍል የመጫወት መብት፣ ያገኛል። ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ሰው ደህና መላ ነው። ክልከላውን ጥሰው ወርቅ በመሸጥ የኖሩም ነበሩ፤ የቬኔዙዌላ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ ብዙ ወጣቶች እህል የገዙት በዚህ ጌም ወርቅ ነው። እነሱ ግን ዓሣ አላጠመዱም፤ አረንጓዴ ዘንዶ እየገደሉ አጥንቱንና ቆዳውን ነበር የሚሸጡት። የቸገረው ሰው ሒሳብ ያውቃል።

አባል የሆነ ሰው 62 ላይ መንክፊሽ፣ 76 ላይ ሻርክ ያጠምዳል። 82 ላይ ደግሞ ሚኖው የምትባል ኢምንት ዓሣ አለች፤ ለእሷ ሙሉ የአጥማጅ ልብስ መልበስ ግዴታ ነው፣ ያለ ዩኒፎርም አይገባም። 40 ሚኖው ሲሰጡ አንድ ጥሬ ሻርክ በወረቀት ይሰጣል። ከረጢት ስለማትሞላ ባንክ መመላለስ የለም። ታዲያ ችግሯ ምንድን ነው? ቦታዋ በየ15 ሰከንዱ ይዞራል፤ አንዳንዴም በራሪ ዓሣ መጥቶ የተጠመደውን ከከረጢት ውስጥ ይበላል። በጊዜው ቦታ ካልቀየሩ ክምሩ እያዩት ይቀንሳል። እረፍት ፈልጎ ለመጣ ሰው እንዲህ ያለ እረፍት ነው የተዘጋጀለት።

በመጨረሻ 99 የገባ ሰው ማዕረጉን የሚያሳይ ካባ አለለት። በነፃ አይሰጠውም፤ 99,000 ወርቅ ከፍሎ ይገዛል። ካባውን ለብሶ ከፊት ለፊት ሲያልፍ ወደቡ ላይ ያለው ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ" ይለዋል። ካባው ልዩ ችሎታም አለው፤ በፈለገው ሰዓት፣ ያለ ገደብ፣ በነፃ ወደ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ይወስደዋል።