ትንሽ ብቻ

«ትንሽ ነገር ናት፣ አምስት ደቂቃ አትፈጅም።»

ይህ ቃል በስልክ ሲሰማ እኛ ቤት ሥራ ይቆማል። ዲዛይነሯ የጆሮ ማዳመጫዋን ታወልቃለች። ዲቨሎፐሩ ወደ ቤቱ ደውሎ «አትጠብቁኝ» ይላል። አለቃችን ግን ፈገግ ብሎ «ኧረ ምንም ችግር የለም፣ ደስ ይለናል» ይላል። ፈገግ የሚለው እሱ ነው፤ ደስ የሚለን እኛ ነን። የሥራ ክፍፍላችን ይሄው ነው።

ድርጅታችን አነስተኛ የብራንዲንግና የዲጂታል ዲዛይን ስቱዲዮ ነው። «አነስተኛ» የምትለዋን አሁን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ዌብሳይታችን ላይ የለችም። እዚያ የፈጠራ ክፍል፣ የስትራቴጂ ክፍል፣ የፋይናንስ ክፍልና የደንበኞች አገልግሎት አለን። በሩን ከፍቶ ለገባ ሰው ደግሞ አንድ ክፍልና አራት ሰው አለን። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ በክፍያ ጉዳይ ከ«ፋይናንስ ክፍላችን» ጋር ተጣሉ። «ከአንተ ጋር አልነጋገርም፣ ኃላፊህን አገናኘኝ!» አሉ። አለቃችን «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብሎ ስልኩን በእጁ ሸፈነ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ድምፁን ወፈር አድርጎ «ሃሎ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ። ሰውየው ተረጋጉ። «ያ የፋይናንሱ ልጅ ግን ሥርዓት የለውም» አሉት። «እናነጋግረዋለን» አለ አለቃችን። አነጋግሮት ይሆናል፤ መኪና ውስጥ ብቻውን ሲሆን።

ምን እንደምንሠራ ለዘመድ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብራንዲንግ ማለት አንድ ድርጅት ከሩቅ እንዲታወቅ ማድረግ ነው፤ ስሙን፣ ቀለሙን፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ አነጋገሩን ሳይቀር ማበጀት። ይህን ለእናቴ በትዕግሥት አስረዳኋት። ጥሩ አድርጋ አዳመጠችኝ። በማግስቱ ለጎረቤት «ልጄ ኮምፒውተር ነው የሚሠራው» አለች። እስካሁን የሦስት ሰው ፕሪንተር ጠግኛለሁ። አንዱ እንዲያውም ሠርቷል።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ነገር ሁሉ የሚጀምረው «ሎጎአችሁን ላኩልን» ከምትለው መልእክት ነው። አንድ ደንበኛ ከስልካቸው ላይ ስክሪንሾት አንሥተው ላኩልን። ከላይ ሰዓቱ ይታያል። ከጎኑ የባትሪው መጠን፣ 7 በመቶ። ለምን ነበር የፈለጉት? ሕንፃ ፊት ለሚሰቀል ሰሌዳ።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ፎቶ ከነጠብጣብ የተሠራ ነው። ሲለጥጡት ነጠብጣቡም አብሮ ይለጠጣል፤ ክብ የነበረው ደረጃ ይሠራል። ቬክተር የምንለው ግን መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታጠፍ በሒሳብ የተጻፈ ነው። ቴምብር ላይም ሕንፃ ላይም ጥራቱ ያው ነው። ይህን ሁሉ በትሕትና ጻፍንላቸው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ገባኝ። ባትሪዋን ቆርጣችሁ አውጧት።» ሌላ ፋይል ካለ ብለን ለመንን። የዎርድ ሰነድ ላኩ። ስንከፍተው ያው ስክሪንሾት ውስጡ ተለጥፏል። ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ ሰውየው ያው ነው። ባትሪውም 7 ነው። ቻርጅ እንኳ አላደረጉትም።

ከዚያ የአስተያየት ዘመን ይገባል። ሰው ሥዕል ስንስል የምንውል ይመስለዋል። የምንውለው ስናስተረጉም ነው። ደንበኛው በስሜት ይናገራል፣ እኛ ወደ ሚሊሜትር እንመልሳለን። «ዘመናዊ ይሁን፣ ግን የድሮ ወዙ አይጥፋ።» «ቀለል ይበል፣ ግን ከበድ ያልን ሰዎች መሆናችን ይታወቅ።» ይሄ ሁሉ እዳው ገብስ ነው። ከባዱ «እንትን» ነው።

«ቆንጆ ነው፣ ግን እንትን ይጎድለዋል።»

ምን?

«እንትን ነዋ… አለ አይደል… እንትን የሚል ነገር።»

እንትንን ለዓመታት አጥንቻለሁ። ጠዋት የተባለ እንትን ቀለም ነው። ከሰዓት በኋላ የተባለ እንትን መጠን ነው። ጣት እያስጮኹ የተባለ እንትን የተፎካካሪ ድርጅት ሎጎ ነው፤ ትናንት አይተውት መጥተዋል ማለት ነው። «እንትን፣ እንትን» ተብሎ ከተደጋገመ ደግሞ ባለቤታቸው አልወደዱትም።

አስተያየቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ መልእክት ነው። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። መጀመሪያ ጤንነታችንን ይጠይቃሉ። መሐል ላይ መኪና ያሳልፋሉ፣ ሌላ ሰው ያነጋግራሉ፣ ይስላሉ። ቁም ነገሩ የመጨረሻዎቹ ስድስት ሰከንዶች ላይ ነው፤ «እና ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ መልኩን ብቻ ቀየር አድርጉት።»

እንትን ካልሆነ መጠን ነው። «ሎጎውን ትንሽ ከፍ አድርጉት።» ከፍ እናደርጋለን። «አሁንም ትንሽ።» እንጨምራለን። «ይቺ ባዶ ቦታ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ዓይን የሚያርፍባት ናት እንላለን። «ታዲያ ለማረፊያ ነው እንዴ የምንከፍለው?» እሷንም ሎጎው ይወርሳታል። በአምስተኛው ዙር ገጹ በሙሉ ሎጎ ይሆናል። «ስልካችን የት ገባ?» ይሉናል። ሎጎው ሥር ነው ያለው።

ዲዛይነሯ አንድ ዘዴ ሰማች። መጀመሪያ ሆን ብለሽ አሳንሰሽ ላኪ፣ ከፍ አድርጊ ሲሉሽ ልኩ ላይ ይደርስልሻል የሚል። ሞከረችው። ደንበኛዋ ትልቅ ሴት ናቸው። አዩት። «ውይ፣ ሲያምር! የኔ ልጅ፣ ምንም እንዳትነኪብኝ» አሉ። ያ ዌብሳይት እስካሁን አለ። ሎጎውን ለማየት ስልክን አፍንጫ ድረስ ማስጠጋት ይጠይቃል።

የቀለም ጸብ ግን የእኛም የእነሱም ጥፋት አይደለም። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲደመሩ ነጭ ይሰጣሉ። ማተሚያ ማሽን ብርሃን ከየት ያመጣል? ያለው ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው፤ በተደራረበ ቁጥር ይጨልማል። ስለዚህ ስልክ ላይ ሲንቦገቦግ የነበረው ብርቱካናማ ወረቀት ላይ ሲወጣ ከሕመም የተነሣ ይመስላል። ፓንቶን የተባለው የቀለም ኩባንያ በ1963 ለእያንዳንዱ ቀለም ቁጥር የሰጠው ለዚሁ መከራ ነው፤ ሁሉም ማተሚያ ቤት ያንኑ ቀለም እንዲበጠብጥ። ቁጥሩን ለደንበኛችን ነገርናቸው። «እኔ ቁጥር አልፈልግም» አሉ። «ያችን የስልኬን ቀለም ነው የምፈልገው።»

ሌላው ደግሞ ነጩ ነጭ አይደለም ብለው ሦስት ቀን አንከራተቱን። «ቢጫ ቢጫ ይላል» ይላሉ። ከነጭ ወዲያ ወዴት ይኬዳል? ዲቨሎፐሩ ኮዱን ፈትሾ ማለ፣ ተገዘተ። በአራተኛው ቀን አለቃችን በአካል ሄደ። ለካ ስልካቸው ላይ ለሌሊት ተብሎ የሚበራው የዓይን መከላከያ ቀንና ሌሊት በርቶ ነው የሚውለው። አጠፋላቸው። «አያችሁ» አሉ፣ «ስትፈልጉ ታስተካክላላችሁ።»

የዲዛይን ታሪክ የሚያውቅ ደንበኛ ከማያውቀው ይበልጥ ያስፈራል። የናይኪን የማያውቅ የለም። በ1971 ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል ተማሪ ያችን ጭረት ሠርታ የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። ታሪኩ እውነት ነው። «የናይኪ እንኳ 35 ዶላር ነው!» ይሉናል። አለቃችን ፈጠን ብሎ ኩባንያው በ1983 አክሲዮን እንደሰጣት ይጨምራል። «በቃ፣ እኛም አክሲዮን እንሰጣችኋለን» ይላሉ። ድርጅቱ ገና ስም የለውም። ስም እንድናወጣለት ነው እኛ ጋ የመጡት።

የአለቃችን ጀግና አሜሪካዊው የሎጎ ዲዛይነር ፖል ራንድ ነው። በ1986 ስቲቭ ጆብስ ለአዲሱ ኩባንያው ለኔክስት ሎጎ እንዲሠራለት 100 ሺህ ዶላር ከፈለው። ጆብስ አማራጮች ታሳየኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ራንድ አይሆንም አለ። ችግርህን እፈታልሃለሁ፣ ትከፍለኛለህ፣ ብትጠቀምበት ባትጠቀምበት ያንተ ጉዳይ ነው። አለቃችን ይህን ታሪክ ለአንድ ደንበኛ ከነእንቅስቃሴው ተረከላቸው። ከዚያ አንዲት ሎጎ ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዝም ጭጭ ሆነ። ሰውየው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንድ ነው!» አሉ። «ታዲያ የቀሩትን ሁለቱን መቼ ነው የምታሳዩን?»

ከሁሉም ያቃጠለችን ግን የዕቃ አድራሹ ኩባንያ የፌዴክስ ፍላጻ ናት። በ1994 የወጣው ሎጎ ላይ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ፍላጻ ተደብቃለች። አንዴ ያያት ሰው ፊደሉን ትቶ እሷን ነው የሚያየው። አንድ ደንበኛችን ይህን ሰሙና «ለእኔም የተደበቀ ነገር አድርጉልኝ» አሉ። ዲዛይነሯ ሁለት ሳምንት ከሰው ተለየች። በሁለት ፊደሎች መካከል ቁልፍ ደበቀች። እንዴት እንደምታምር! ደንበኛው አላዩአትም። አሳየናቸው። ደስታቸው ከወንበራቸው አስነሣቸው። «ይቺማ መታየት አለባት!» አሉ። «ቀይ ቀቧትና ትንሽ ከፍ አድርጓት።»

ስለ ትንሽ ካነሣን፣ የልብስ ኩባንያው ጋፕ በ2010 ከሃያ ዓመት በላይ የኖረበትን ሎጎ ጥሎ አዲስ አወጣ። ስሙ በተራ ፊደል፣ ጥጉ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ካሬ። ሰው በኢንተርኔት ተነሣበት። ሳምንት ሳይሞላ የድሮውን መለሰ። እርስ በርሳችን ይህን ታሪክ እንወደዋለን። ለደንበኛ ግን አንነግርም። «ታዲያ ለምን እንቀይራለን?» ብለው ይሄዱብናል።

የፋይል ስማችንን ነገር ባልናገር ይሻለኝ ነበር። «የመጨረሻ» ብለን እንጀምራለን። ቀጥሎ «የመጨረሻ 2»። ቀጥሎ «የእውነት የመጨረሻ»። ዲዛይነሯ በዐሥራ አንደኛው ዙር፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ተስፋ ቆርጣ «የመጨረሻ በፈጠራችሁ» ብላ ሰየመችው። ስሙን ሳትቀይር ላከችው። ጠዋት ሁላችንም ተሳቀን ጠበቅን። መልሱ መጣ፤ «በፈጠራችሁ ኮርተናል። ትንሽ ብቻ…»

ዘንድሮ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አመሉን ይዞ መጥቷል። ደንበኛው ሎጎውን ራሳቸው አሠርተውት ይመጣሉ። ያንጸባርቃል፣ ጥላ አለው፣ ጽሑፉ በምድር ላይ በሌለ ፊደል ነው። «አልቋል እኮ፣ ፊደሏን ብቻ አስተካክሏት» ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉም የከፋን ደንበኛ እኛው ነን። የራሳችን ዌብሳይት «በአዲስ መልክ እየመጣን ነው» ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሌላ ሰው ሥራ በቀደመን ቁጥር ይገፋል። ባለፈው ወር እንደምንም ሰብሰብ ብለን አዲሱን መልክ አየን። አራት ሰው፣ አምስት አስተያየት። አለቃችን አገጩን ይዞ ብዙ ቆየ። «ቆንጆ ነው» አለ፣ «ግን እንትን ይጎድለዋል።» ዲዛይነሯ አየችኝ። «ጠዋት ነው» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ቀለም ማለቱ ነው።»

በቀደም ያን የባለ ቁልፉን ሥራ አስረከብን። ቁልፏ ቀይ ናት። ፋይናንስ ክፍላችን የክፍያ መጠየቂያውን ጻፈ፣ ፈጠራ ክፍላችን አሳምሮ ላከው። አመሻሹ ላይ የድምፅ መልእክት ደረሰን። አለቃችን ሁላችንም እንድንሰማው ከፈተው። ጤንነታችንን ጠየቁ። መኪና አሳለፉ። ሳሉ።

«ወረቀቱን አይቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በጣም ያምራል። ሎጎው ልኩ ነው፣ ቀለሙም ደስ ይላል። ብቻ ከታች ያለችው ቁጥር ተለቀችብኝ። እሷን ትንሽ ብታሳንሷት።»

አለቃችን ፈገግ አላለም። ደስ ይለናልም አላለም። እንዲህ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ዲዛይነሯ ማዳመጫዋን አላወለቀችም። አንዱን ጆሮዋን ብቻ ገልጣ ነበር የሰማችው። ፋይሉን ከፈተች። ቁጥሯን መረጠች። የፎንቱን መጠን ከ14 ወደ 9 አወረደች። «እንዳሉት አሳንሰናታል፣ እናመሰግናለን» ብላ መልሳ ላከችው።

አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።