ፒትሆልን የገደላት የጉድጓድ መድረቅ ብቻ አይደለም

ጋሼ፣ ፍኖተ ሰላም ቡና ላይ «የነዳጅ ከተማ የሚሞተው ጉድጓዱ ሲደርቅ ነው» ብለው የአሜሪካዋን ፒትሆልን ጠቅሰዋል። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግማሹ ግን ልክ አይደለም።

በፔንስልቬንያ የነበረችው ፒትሆል በጥር 1865 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነዳጅ ወጣላት። ዓመቱ ሳያልቅ ነዋሪዋ ወደ 20 ሺህ ተጠጋ፤ ሆቴሎቿ ብቻ ከ50 በላይ ነበሩ። የነዳጁን በርሜል በጭቃ መንገድ እየጎተቱ ወደ ባቡር የሚያደርሱት ባለጋሪዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ሳሙኤል ቫን ሲክል የሚባል ሰው ነዳጁን ያለ ጋሪ ወደ ባቡር የሚያደርስ፣ ውፍረቱ ሁለት ኢንች የሆነ ቧንቧ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ዘረጋ። ባለጋሪዎቹ ቧንቧውን ሰበሩ፤ የታጠቀ ዘበኛ ተቀጠረ፤ በመጨረሻ ፈረሳቸውን እየነዱ ሄዱ። የጋጣው፣ የድርቆሽ ሻጩና የአልጋ አከራዩ ገበያም ተከትሏቸው ሄደ። ባጃጅ ሲገባ የእኛን ባለጋሪዎች ላዩት ለእርስዎ ይህ እንግዳ አይሆንም።

ከዚያ የእንጨት ቤቶቹን እሳት ደጋግሞ በላቸው። የጉድጓዶቹም ምርት አሽቆለቆለ፤ እዚህ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት። በ1870ዎቹ መጨረሻ የከተማዋ መሬት በ4 ዶላር ከ37 ሳንቲም ተሸጠ።